ለቅሶ የማታልፍ ውሻ

እኛ ሰዎች ከውሻ ጋር ያለን ዝምድና መላ ቅጡ የጠፋ ነው። ሌሊቱን ሙሉ በራችን ላይ ቆማ ስትጮኽልን ታድርና፣ ሲነጋ የጠላነውን ሰው ለመስደብ ስሟን እንበደራለን። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ብለን እናማታለን። እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ከመካከላችን በበላበት የሚጮኽ ስንት ሰው አለ? አብዛኛው በልቶ አፉን ጠርጎ ዝም ነው። ስም እንኳ ስናወጣላት ለእሷ ብለን አይደለም፣ ለጎረቤት መልእክት ማድረሻ ነው እንጂ። ከእኔ በታች ያለው ሰውዬ ውሻውን «ምን አገባችሁ» ይለዋል። ከእኔ በላይ ያለችው ሴትዮ «ሁሉም ያልፋል» ትለዋለች። እኔም መጥረቢያዬን ተውሶ የካደኝን ጎረቤቴን ስሙን ሳልጠራ ስወቅሰው ልኑር ብዬ ውሻዬን «ትዝብት» አልኳት። ማታ ማታ በሬ ላይ ቆሜ «ትዝብት! ነይ ትዝብት!» ስል ሰውየው መስኮቱን ይዘጋል። መጥረቢያው ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰም፣ ወደፊትም አይመለስም።

ትምህርት ቤትን የማውቀው በአጥሩ በኩል ነው። ሥራዬ ድንኳን መትከል ነው። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ከዳገቱ ጫፍ እስከ ታክሲ መያዣው ድረስ ሰው ሲሞት ከቤተሰቡ ቀጥሎ የምሰማው እኔ ነኝ፤ አንዳንዴም ከቤተሰቡ እቀድማለሁ። የዕድሩ ጥሩምባ ሳይነፋ ምሰሶ ትከሻዬ ላይ ነው። የታመመ ሰው በሩ ላይ ቆሜ ካየኝ ይደነግጣል። ልጠይቀው መሄዴ እንደሆነ ብምልም ብገዘትም የሚያምነኝ የለም፤ «ገረመው ቦታ ሊለካ መጣ» ይላሉ። ምን ላድርግ? እንጀራዬ ነው። ሰውም በድንኳኑ ውስጥ ሲያለቅስ ውሎ መሽቶ ሲደክመው ማዕዘን ይዞ የሚያስቀው ይፈልጋል። ያም ቢሆን እኔ ነኝ።

ከእኔ ቤት በላይ ሦስተኛው ግቢ ውስጥ ጋሽ አያሌው ይኖራሉ። ኖሩ ልበል? ቆይ፣ እደርስበታለሁ። ጋሽ አያሌው ዓይናቸው የጠፋው በልጅነታቸው፣ በኩፍኝ ነው። አራት ኪሎ አካባቢ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የስልክ ኦፕሬተር ናቸው። የመሥሪያ ቤቱን ሠራተኛ በሙሉ፣ ከጥበቃው እስከ ኃላፊው፣ በሳሉ ይለዩታል። ሰው ደውሎ ገና «ሄሎ» ሳይል «ጉንፋኑ አልለቀቀህም?» ይሉታል። ለሃያ ምናምን ዓመት ጠዋት ጠዋት ክንዳቸውን ይዘው እስከ ታክሲው የሚያወርዷቸው ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ነበሩ። እትዬ አስካለ መምራት ብቻ አይደለም፣ መንገዱን እየተረኩ ነው የሚሄዱት። «እዚህ ጋ አህያ ቆሟል። ያኛው ሱቅ ዛሬ ቀለም ተቀብቷል፤ ባይቀባ ይሻለው ነበር። ያቺ ሴትዮ ፈገግ ብላልሃለች፣ አንተ ግን ዝም በላት።» ጋሽ አያሌው ይስቃሉ። እኛ ዓይን ያለን ሰዎች ያላየነውን ሰፈር እሳቸው በሚስታቸው አፍ ያዩት ነበር።

ከዚያ እትዬ አስካለ አረፉ። ድንኳኑን የተከልኩት እኔ ነኝ።

ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ይባል የለ? እኛ የፈረንሳይ ሰፈር ሰዎች መድኃኒትነታችን መጠኑን ያልፋል። ጋሽ አያሌው ነጭ በትራቸውን ይዘው ገና ብቅ ሲሉ አንዱ ሮጦ ክንዳቸውን አፈፍ ያደርጋል። ወዴት ነህ ብሎ መጠየቅ የለም። አንድ ቀን ታክሲ ሊጠብቁ አስፋልቱ ዳር ቆመው ሳለ አንድ ደግ ሰው ሳይጠይቅ አሻገራቸው። ማዶ ሆነው «ኧረ እኔ መሻገር አልፈለግሁም» ከማለታቸው ሁለተኛው ደግ ሰው መለሳቸው። ሦስተኛው ደግ ሰው መጥቶ እንደገና አሻገራቸው። የዚያን ቀን ጽድቅ በአስፋልቱ ግራና ቀኝ ሲመላለስ፣ ታክሲው ሰው ሞልቶ ሄደ።

ይኸም ይሁን። ክፉው ነገር ጉድጓዱ ነበር። ከቁልቁለቱ አጋማሽ ላይ መንገዱን ከግራ ወደ ቀኝ የሚቆርጥ፣ እስከ ሰው ወገብ የሚደርስ ቦይ ተቆፍሯል። ማን እንደቆፈረው የሚያውቅ የለም። አንዱ ለውሃ ነው ይላል፣ ሌላው ለመብራት ነው ይላል፤ እኔ ደግሞ ቆፋሪው ራሱ ውስጥ ወድቆ ቀርቶ ነው እላለሁ። በአንድ ጠርዝ በኩል ሰው የሚያልፍባት ስንዝር የምታህል መሬት ተርፋለች። ዓይን ያለው በእሷ ላይ እንደ ፍየል እየተንጠላጠለ ያልፋል። ክረምት አልፎ በጋ መጣ፤ ጉድጓዱ እንዳለ አለ። ማን ይክደነው? ስብሰባ ላይ ሁላችንም «ይከደን» እንላለን፤ ከስብሰባው ስንወጣ ዘለነው እንሄዳለን። ጋሽ አያሌው ሁለት ጊዜ ወደቁበት። በሁለተኛው ግንባራቸው ተሰፋ።

የዚያን ዕለት ልጃቸው ማህሌት ከኮተቤ መጣች። ነርስ ናት፤ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። የተሰፋውን ግንባር እያየች ቁርጡን ነገረቻቸው። ከእንግዲህ አንድ ጊዜ ቢወድቁ፣ ወይም በማርፈድ ምክንያት ከሥራ አንድ ጣጣ ቢመጣ፣ ሥራውን ትተው እሷ ቤት ይገባሉ። ጋሽ አያሌው ማታ እንዲህ አሉኝ፤

«ገረመው፣ እኔ ልጄን ጠልቼ አይደለም። እዚያ ከገባሁ ግን ሶፋ ላይ ተቀምጬ የጎረቤት ቴሌቪዥን የምሰማ ዕቃ እሆናለሁ። በስልኩ ላይ እኮ ሰው ነኝ።»

በዚህ መካከል ነው በሬዲዮ ያንን ነገር የሰሙት። በሰው አገር ዓይነ ስውር የሚመራ ውሻ አለ አሉ፤ ጉድጓድ ሲያይ ይቆማል፣ መኪና ሲመጣ ይቆማል። በማግስቱ በሬን አንኳኩ። ውሻህን ልታሠለጥንልኝ ትችላለህ ወይ አሉኝ። እንግዲህ እኔን ታውቁኛላችሁ፤ አልችልም የሚል ቃል እናቴ ሳታስተምረኝ ነው የሞተችው። አንበሳ ያላሠለጠንኩት አንበሳ ስለሌለኝ ብቻ ነው አልኳቸው። የካ ላይ ያለ ውሻ ሁሉ ሲያየኝ ቆሞ እጅ ይነሳኛል አልኳቸው። በዚያን ጊዜ መጥረቢያዬን የወሰደውን ጎረቤቴን እንኳ አሠለጥናለሁ ብል የማምን ይመስለኛል።

ማህሌት አባቷ ቢጨቀጭቋት በስልኳ ቪዲዮ ፈልጋ አሳየችኝ። ቪዲዮው ላይ ያለችው ፈረንጅ የምትለው አልገባኝም፤ እጇን ግን አይቻለሁ። ውሻው ትክክል ሲሠራ ታጎርሰዋለች፤ ሲያጠፋ ዝም ትለዋለች። ይኸው ነው? ብዬ ጠየቅሁ። ይኸው ነው አለችኝ። በዚህ ዓይነትማ እኛ ሁላችንም ከልጅነታችን ሠልጥነናል።

ከአሮጌ የአህያ ጠፍርና ከተሰበረ ጃንጥላ እጀታ ለትዝብት መያዣ ሠራሁላት። ከዚያ ጋሽ አያሌውን ላለማድከም ዓይኔን በሻርፕ አስሬ ከእሷ ጋር ወደ እንጦጦ ጫካ ወጣሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ያልተሳሳምኩት ባሕር ዛፍ የለም። የደን ጠባቂው የግንዱን ድምፅ ሰምቶ ዛፍ የሚቆርጥ ሌባ መስሎት ዱላውን ይዞ ደረሰ። ሻርፔን፣ ግንባሬን፣ ውሻዋን አየና ዱላውን መሬት ላይ ጥሎ «ወንድሜ፣ ምን አድርገውህ ነው?» አለኝ። ማየት አለመቻልን እየተለማመድኩ ነው ስለው አማተበ።

አንድ ጊዜ ግን እዚያው ቁልቁለት ላይ ትዝብት ሽታ ስቧት ትታኝ ሄደች። ሻርፔን ማውለቅ እችል ነበር። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ሳላወልቀው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች እየተነፈሱ በአጠገቤ አለፉ፤ ስንት እንደሆኑ አላውቅም። የገደሉ ጠርዝ በስተቀኝ ይሁን በስተግራ አላውቅም። ያን ጊዜ የምናገረው አንድም ቀልድ አልመጣልኝም። እኔ ሻርፔን የማወልቅበት ሰዓት በእጄ ነው። እሳቸውስ?

ከዚያን ቀን በኋላ ከልቤ ሠራሁ። ከጫካው ወርደን መንገዱን ራሱን ያዝነው፤ ከግቢያቸው እስከ ታክሲው፣ ከታክሲው እስከ ግቢያቸው፣ ጠዋትና ማታ፣ ሦስት ወር። ትዝብት ጉድጓዱ ጋ ስትደርስ ቀጥ ትላለች፤ አጎርሳታለሁ። በስንዝሯ መሬት በኩል አስጠግታ ታሳልፈኛለች፤ አጎርሳታለሁ። በመጨረሻ እጀታውን ለጋሽ አያሌው አስያዝኳቸው። የዚያን ጠዋት ትዝብት ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመች። ጋሽ አያሌው በእግራቸው ጫፍ ጠርዙን ዳሰሱ። ወደ ግራ አስጠጋቻቸው፣ ተከተሏት፣ አለፉ። ታክሲው ጋ ሲደርሱ ረዳቱ ውሻ አላሳፍርም ለማለት አፉን ሲከፍት፣ ትዝብት ራሷ ዞራ ወደ ቤቷ ተመለሰች። እኔ ከሱቁ ኋላ ተደብቄ ነበር። ዓይኔ ውስጥ አቧራ ገባ። ሁለቱም ውስጥ።

አሁን ስሕተቴን ልንገራችሁ፤ እናንተም ብትሆኑ ትሠሩት ነበር። በዚያ ሦስት ወር ውስጥ በመንገዳችን ላይ ድንኳን ያልነበረበት ሳምንት የለም። ድንኳን ደግሞ አይታለፍም። የማንም ይሁን፣ ገባ ብለህ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ትላለህ፣ አንገትህን ደፍተህ ትቀመጣለህ፣ ንፍሮ ይሰጥሃል፣ ቢያንስ ሰው መድረስህን እስኪያይልህ ድረስ ትቆያለህ። ገብቶ ወዲያው መውጣት ካለመግባት የከፋ ነው። እኔም ገባሁ፣ ተቀመጥኩ። ትዝብትም ገባች፣ ከአግዳሚው ሥር ተኛች። ሽማግሎቹ ውሻ ምን ልትሠራ ሲሉ «ሥልጠና ላይ ናት» እላቸዋለሁ። ሴቶቹ ከንፍሮው ዘገን አድርገው ይወረውሩላታል፤ በሠልስቱ ቀን አጥንት ይጨምሩበታል። ማጉረስ ማለት እንዲህ ነው። እኔ ጉድጓዱ ጋ በቁንጥር ያጎረስኳትን ሕዝቡ በድንኳኑ ውስጥ በእፍኝ አጎረሳት። እኔ መንገድ ሳስተምራት፣ አገሩ ለቅሶ መድረስ አስተማራት።

በሁለተኛው ሳምንት ጋሽ አያሌው ትዝብትን ተከትለው ሲወርዱ በድንገት ታጠፈች። ታክሲው ጋ የደረሱ መስሏቸው «አራት ኪሎ?» ብለው ጠየቁ። የመለሰላቸው እዬዬ ነው። ጨዋ ሰው ናቸው፤ ምን ያድርጉ? ገቡ፣ ተቀመጡ። ሐዘንተኞቹም «ዓይን ሳይኖራቸው እንኳ ሐዘናችንን አዩልን» ብለው በእንባ ታጠቡ። መሥሪያ ቤት የደረሱት አራት ሰዓት ላይ ነው። በሳምንቱ ሌላ ድንኳን ነበር። ከዚያ ደግሞ ሲም ካርድ የሚሸጡ ወጣቶች የጣሉት ድንኳን ውስጥ አስገባቻቸው። ጋሽ አያሌው ኮፍያቸውን አውልቀው «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብለው ተቀመጡ። ልጆቹ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ደንበኛ አልመጣላቸውምና «አሜን» አሏቸው።

በሦስተኛው ማርፈድ ኃላፊያቸው፣ አቶ አያሌው በአንድ ወር ስንት ዘመድ ሞተብዎት? አለና የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈላቸው። ማንበብ ስለማይችሉም የጻፈው ሰው ራሱ ቆሞ አነበበላቸው። ማህሌት ሰማች። መጣችና ማክሰኞ ጠዋት አብሬህ እወርዳለሁ፣ አሥር እርምጃ ከኋላህ ሆኜ አንድ ቃል ሳልተነፍስ አያለሁ አለች። ሳይወድቁ፣ ሳያረፍዱ ታክሲ ከያዙ ዳግመኛ የኮተቤን ነገር አታነሳም። አለዚያ ቅዳሜ ዕቃ ጫኝ መኪና ይመጣል።

ትላላችሁ፤ ታዲያ ውሻዋን መልሰህ አታስተምራትም? ሞክሬያለሁ። ለማስተማር ግን እኔ ራሴ ድንኳን ማለፍ አለብኝ። አንድ ቀን ኪሴ ውስጥ ሥጋ ይዤ፣ አንገቴን ቀብሬ፣ ትዝብትን እየጎተትኩ ራሴ የተከልኩትን ድንኳን ላልፍ ስል ከውስጥ አንዲት ሴትዮ «ምነው ገረመው፣ ተጣላን?» አለችኝ። የዕድሩ ዳኛ ብቅ ብሎ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። ወዳጆቼ፣ እኔ በዚህ ሰፈር እኖራለሁ፤ ነገ እሞታለሁ፤ የሚቀብረኝ ሰው እፈልጋለሁ። ገባሁ። ትዝብት ቀድማኝ ገብታ ቦታዋን ይዛ ነበር።

የቀረኝ አማራጭ እስከ ማክሰኞ ሰው እንዳይሞት መጸለይ ብቻ ሆነ። ድንኳን ተካይ በሽተኛ እንዲድን ሲጸልይ አስቡት። የታመመ ሰው ያለበትን ቤት ሁሉ ዞርኩ፤ ለአንዱ ፀበል አመጣሁ፣ ለሌላው ሾርባ አሠራሁ። እማማ የሺን ደግሞ፣ ከጉድጓዱ አርባ እርምጃ ከፍ ብላ የምትኖረውን አሮጊት፣ እባክዎ እስከ ረቡዕ ይታገሡኝ ብዬ በግልጽ ለመንኳት። ሳቀች። «አንተ ደግሞ፣ ቀጠሮ የምትሰጠኝ አንተ ነህ?» አለችኝ።

ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ አረፈች።

ልጆቿን ለመንኩ፤ ድንኳኑን በጓሮ ልትከለው አልኩ። የእናታችንን ሞት እንደ ስርቆት ልትደብቅ ነው? አሉኝ። ግቢዋ ደግሞ የዶሮ ቤት አያስተክልም። ስለዚህ በእነዚህ በሁለት እጆቼ መንገዱ ዳር ላይ፣ አፉን ወደ ዳገቱ አድርጌ ተከልኩት። ለጋሽ አያሌው ሄጄ እንዳልነግራቸው ሰው እየጎረፈ ነው፤ ድንኳኑም ገና አልጸናም። መካከለኛውን ምሰሶ በትከሻዬ ደግፌ፣ ገመዱ እስኪታሰር ስጠብቅ ነው ትዝብት ብቅ ያለችው። ከኋላዋ ጋሽ አያሌው፣ ሱፋቸውን ለብሰው፣ ጫማቸው አብረቅርቆ፤ ነጩን በትር ለውሻዋ ክብር ሲሉ ቤት ትተውታል። ከእሳቸው አሥር እርምጃ ኋላ ማህሌት።

ትዝብት ታጠፈች። ጋሽ አያሌው እጀታውን ይዘው ቆሙ። ለቅሶውን ሰሙ። ሄጄ ላወጣቸው ብል ምሰሶው ትከሻዬ ላይ ነው፤ ብለቀው ሐዘንተኛው ላይ ይወድቃል። አንዱ ከውስጥ «ጋሽ አያሌው፣ ይግቡ እንጂ» አለ። እሳቸው ወደ ድንኳኑ ዞረው ከወገባቸው እጅ ነሱና ቀስ ብለው፣

«ይቅር በሉኝ። ማታ እመጣለሁ። ዛሬ ልጄ እያየችኝ ነው» አሉ።

እጀታውን ሳብ አደረጉ። ትዝብት ንቅንቅ አላለችም። እንደገና ሳቡ። ከዚያ እጀታውን ለቀቁትና ብቻቸውን ቁልቁለቱን ያዙ። ትዝብት ገብታ ከአግዳሚው ሥር ተኛች። እሳቸው ራሳቸውን ቀና አድርገው፣ ዓይን እንዳለው ሰው እየፈጠኑ፣ አፋቸው ውስጥ እርምጃቸውን እየቆጠሩ ወረዱ። ወደ ስንዝሯ መሬት በኩል ትክክል ነበር የያዙት፤ ይህን ማንም እንዲጠራጠርባቸው አልፈልግም። ጠርዙ ላይ ሲደርሱ ግን ማህሌት አንድ ቃል ላትተነፍስ የማለችው አልቻለችም።

«አባዬ!»

ወደ ድምፅዋ ዞር አሉ። በዚያው መዞር እግራቸው ባዶውን ረገጠ።

ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ወንድ ሁሉ ወጥቶ ሮጠ። ሠላሳ ሰው ነው ጉድጓድ ውስጥ የገባው፤ ሠላሳ ሰው፣ በአንድ ጊዜ፣ ጫማው ጭቃ ይሁን አይሁን ሳይል። በጋቢ አንጠልጥለው አወጧቸው። የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሮ ነበር። ማህሌት እጃቸውን ይዛ አብራቸው መኪና ውስጥ ስትገባ እሷ ነበረች ይቅር በለኝ የምትለው። እሳቸው ሰዓት ስንት ነው ብለው ጠየቁ።

ሰፈሩ ፍርዱን ለመስጠት እስከ ቀትር አልቆየም። ለቅሶ አልፎ ሲሄድ እግዜር አሳየው አሉ። ውሻ ያወቀችውን ሰው ሳያውቅ ቀረ አሉ። ውሻዋን እንዲህ ያስተማርኳት ምሰሶውን የያዝኩት እኔ ነኝ ልል አፌን ከፈትኩና፣ ንፍሮ ቃምኩበት።

ከሰዓት የእማማ የሺ አስከሬን የሚወጣበት ደረሰ። ያን ጊዜ የዕድሩ ዳኛ ጉድጓዱን አየው። ቃሬዛ የተሸከመ ሰው በስንዝር መሬት አያልፍም። «ኧረ ሬሳ ይዘን እንዳንወድቅ» አለ። ከዕድሩ መጋዘን ስድስት ሳንቃ መጣ። እኔና ሌላ አንድ ሰው ደረደርነው። ሰዓት አልፈጀም፤ አንድ ሲጋራ የሚያልቅበት ጊዜ ያህል ነው። እማማ የሺ በሳንቃው ላይ ሳትናወጥ፣ እንደ እመቤት ተሻገረች።

በወሩ ኮተቤ ሄድኩ። አራተኛ ፎቅ ነው፤ ደረጃውን ስወጣ ሁለት ጊዜ ነፍሴን ለፈጣሪዋ አደራ ሰጥቻለሁ። ጋሽ አያሌው ሶፋው ላይ ናቸው፤ እግራቸው ትራስ ላይ። ከግድግዳው ማዶ የጎረቤት ቴሌቪዥን ይለፈልፋል። በሳሌ ለዩኝ። ማህሌት ፈረቃዋ ደርሶ ልትወጣ ስትል ብርድ ልብሱን አስተካክላላቸው፣ ትንሽ ቆማ አይታቸው ሄደች። የትዝብትን ደኅንነት ጠየቁኝ፤ ደኅና ናት፣ ትናንት እንኳ ሁለት ለቅሶ ደርሳለች አልኳቸው። ሳቁ። ከዚያ፣

«ያን ዕለት ማን ነበር የሞተው?» አሉኝ።

እማማ የሺ ናት አልኳቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ልጆቿን አግኝተህ አያሌው የቀረው ወድዶ አይደለም በልልኝ አሉ። እሺ አልኩ።

«ጉድጓዱስ?»

«በዚያው ዕለት ተከደነ» አልኳቸው። እውነቴን ነው። «በስድስት ሳንቃ። እኔ ራሴ ነኝ የደረደርኩት።»

ጋሽ አያሌው ረጅም ተነፈሱ፤ ፊታቸው ፈካ። «ተመስገን» አሉ። «ቢያንስ ከእኔ በኋላ የሚመጣው አይወድቅም።»

አሜን አልኩ። ሌላ ምን ልበል? ሳንቃው የዕድሩ ንብረት ነው፤ ከቀብር ስንመለስ አንድ በአንድ አንስቼ፣ ጭቃውን ጠርጌ፣ መጋዘን መልሼዋለሁ።